አህዪት ያላየችው ግልገል

አንድ ጊዜ፣ ቆላው በፀሐይ ነዶ ጅረቱ ጠጠር ብቻ በቀረበት በጋ፣ የቆላ እንስሳት ተሰብስበው «እስቲ ዘንድሮ እንኳ ደጋ ወጥተን አየር እንለውጥ» ተባባሉ። የመረጡትም ጉም አምባ የሚባለውን ተራራ ነበር። ጉም አምባ ጠዋት ጉም ይለብሳል፣ ረፋድ ላይ ይገለጣል። ጓሳ የሚባለው ሣር እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ በጓሳው መሐል እንደ ዛፍ የሚረዝመው ጅብራ ተገትሮ ይቆማል፣ ከዐለቱ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ጥርስ ያንገጫግጫል። ጉም አምባን ያየ አገሩን ይረሳል ይባላል፤ መቼም እንዲህ የሚሉት የጉም አምባ ተወላጆች ራሳቸው ናቸው።

ጉዞው አንድ እንቅፋት ነበረበት። ከመንገደኞቹ ገሚሱ ገሚሱን ሲያይ ምራቁ ይመጣል። ስለዚህ አያ አንበሶ ከመነሳታቸው በፊት ጉሮሮውን ጠራረገና ሕግ አወጣ።

«ስሙኝ! በአምባው ላይ እንግዳ እንግዳን አይበላም። ይህን የተላለፈ ጉዳዩ ከእኔ ጋር ነው።»

«ይሁን! ይሁን!» አሉ ሁሉም።

አያ ጅቦ ግን «እንግዳ እንግዳን አይበላም... እንግዳ እንግዳን...» እያለ ለብቻው ሲያነበንብ ቆየ። ጅብ ሕግ ሲያጠና አይቶ የተጠራጠረ አይፈረድበትም፤ የዚያን ዕለት ግን ሁሉም ስንቁን በመቋጠር ተጠምዶ ስለነበር ልብ ያለው አልተገኘም።

ከመንገደኞቹ አንዷ እመት አህዪት ነበረች። ዕድሜ ልኳን ስትጫን ኖራ፣ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ መንገድ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ቀለል ብሏት ዳገቱን እየዘለለች ትወጣለች፤ ጆሮዎቿ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እየዞሩ በመንገድ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይለቅማሉ። እመት አህዪት መጠየቅ ትወድ ነበር። «ይህ ምንድን ነው? ያስ ለምን እንዲህ ሆነ?» ስትል ስለምትውል አገሬው ሞኝ ናት ይላታል። ለነገሩ ጠያቂን ሞኝ የሚሉት መልሱ የጠፋባቸው ናቸው።

ወደ ጉም አምባ ያመጣትም ጥያቄ ነው። ያለፈው ክረምት ውርንጭላ ወልዳ ነበር። ውርንጭላዋ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ተወልዶ እንኳ፣ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ እየወደቀ እየተነሳ አሳሯን አሳይቷታል። ታዲያ አንድ ቀን በጉም አምባ ገደል ላይ ሰስ እንደምትወልድ ስትሰማ ነገሩ እንቅልፍ ነሳት። ሰስ ከፍየል ታንሳለች፤ ቀጫጭን እግሮቿን በሰኮናዋ ጫፍ ብቻ እያሳረፈች ከዐለት ወደ ዐለት የምትዘል የገደል እንስሳ ናት።

«እሺ፣ እናቲቱስ ለመደችው። ግልገሉስ? ገና እንደተወለደ እግሩ ሲብረከረክ ምን ይዞት ነው ገደል የማይገባው? ይህን በዐይኔ ሳላይማ አልሞትም!» አለች እመት አህዪት።

የአምባው አፋፍ ላይ ሲደርሱ አቶ ቀበሮ ቆሞ ጠበቃቸው። አስጎብኚ ነኝ ባይ ነው። ማን እንደሾመው የሚያውቅ የለም፤ እሱ ግን ጅራቱን እንደ ሹም ጭራ ወዲያና ወዲህ ያወናጭፋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ጌቶቼ! እንኳን ደህና መጣሽ እመት አህዪት! ኧረ ስንቃችሁን አራግፉ፤ ገደል ለገደል ሸክም ይዞ መዞር ምን ይሠራል? ከዚህ ከትልቁ ጅብራ ሥር አኑሩት። ጠባቂው እኔ ነኝ፤ አታስቡ።»

አያ አንበሶ ቋንጣውን፣ እመት ጦጢት የሾላ ፍሬዋን፣ ከርከሮ ሥራ ሥሩን፣ እመት አህዪት ገብሷን አወረዱ። አያ ጅቦ የሚያወርደው አልነበረውም፤ ስንቁን ገና ከቤቱ ሳይወጣ ጨርሶታል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ሲሉ ሰምታችኋል። ይኸኛውም ዘሩን አላሰደበም፤ እንደደረሰ «ማረፊያዬ ወዴት ነው? ቁርበት ተነጥፏል?» ብሎ ጠየቀ።

አቶ ቀበሮ እንግዶቹን ገደል አፋፍ ላይ አሰለፋቸውና ወደ ማዶ አመለከተ።

«ያውላችሁ! የጉም አምባ ሰሶች።»

ከማዶ ካለው ዐለት ጫፍ ላይ ሁለት ሰሶች ቆመዋል፤ ባልና ሚስት ናቸው። ከሩቁ ሲታዩ የባቄላ ፍሬ አያክሉም።

«ኧረ ምኑም አይታይ!» አለች እመት ጦጢት። «ለዚህ ነው እንዴ ዳገት ስቧጥጥ የዋልኩት?»

እመት አህዪት አንገቷን አሰገገች፣ ዐይኗን አጠበበች፣ በአንድ እግሯ ከአፋፉ ወጣ አለች። አልሆነላትም። በኋላ ስታስበው የሚቆጫት ይህች ሰዓት ናት፤ ቃሉ ከሁሉም ቀድሞ የወጣው ከእሷ አፍ ነበርና።

«ትንሽ ብንጠጋስ?» አለች።

አቶ ቀበሮም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። እንግዳ ዐይኑ በሰስ ሲጠመድ ስንቁን ዘወር ብሎ አያይም። «መጠጋት ነው እንጂ! እነሱ እንደሆኑ እንግዳ ይወዳሉ» ብሎ መሪነቱን ያዘ። ቁልቁለቱን ወርደው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ከሰሶቹ ዐለት የድንጋይ ውርወራ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። ያኔ ሰሶቹ በአንድ ላይ አፏጩ፤ ፉጨታቸው ቀጭንና ስለታም ነበር፤ ገደሉ ተቀብሎ መለሰው።

«ሰማችሁ? ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› ማለታቸው ነው!» አለ አቶ ቀበሮ።

እመት ጦጢት አጨበጨበች። ከርከሮም በደስታ መሬቱን ጫረ። «ድገሙት! ድገሙት!» ተባለ። ሰሶቹም ደገሙት፤ ምን ያድርጉ፣ እንግዳው ንቅንቅ አልል አለ።

እንዲህ ሲያፏጩ ሲጨበጨብ ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመት አህዪት አንድ ነገር ከነከናት።

«አቶ ቀበሮ፣ ልጠይቅህማ። ከመጣን ጀምሮ ከሁለቱ አንዳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ሣር ሲቀምሱ አላየሁም። ለምንድን ነው?»

«ይሉኝታ ነዋ! ደገኛ እኮ እንግዳ ፊት አያኝክም። እንግዳው እስኪሄድ ይጠብቃል።»

«እንግዳው ባይሄድስ?»

«አይ እመት አህዪት! ጥያቄሽ አያልቅ!» ብሎ አቶ ቀበሮ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ጥያቄው ግን ከሆዷ አልወጣም።

በማግስቱ ጉሙ ገና ሳይገለጥ አቶ ቀበሮ እዚያው ያደሩትን እንግዶች ቀስቅሶ ከዐለቱ ሥር ድረስ አመጣቸው። ጉሙ ሲነሳ ሰሶቹ ከራሳቸው በላይ ቆመው ታዩ። ባልየው ወደ አንድ ወገን፣ ሚስቲቱ ወደ ሌላ ወገን ዞረዋል፤ የትናንት አቋቋማቸው ነው። አሁን የዐይናቸው ሽፋሽፍት እንኳ ይቆጠራል። እመት ጦጢት አንዱ ድንጋይ ላይ ፊጥ ብላ፣ ከርከሮ ከጎኗ ተጎልቶ፣ አያ አንበሶ በሆዱ ተኝቶ ሽቅብ ያያሉ።

እመት አህዪት ግን ከሁሉ በፊት ያየችው የሚስቲቱን ጎን ነበር። ጎኗ ጎድጉዷል። ትናንት ከሩቁ ያልታየ ነገር ነው፤ ከቅርብ ሲታይ ግን ያስደነግጣል። ቀስ ብላ ጠጋ አለቻት።

«እንደምን አደርሽ እመቤቴ?»

«እግዜር ይመስገን» አለች ሰሷ። ዐይኗን ከእንግዶቹ ላይ አልነቀለችም።

«ምነው አትበሉም?»

«እንበላለን። እናንተ ስትሄዱ።»

«ይኸው! አላልኳችሁም? ይሉኝታ!» ብሎ አቶ ቀበሮ ከኋላ ጮኸ።

እመት አህዪት መልሱ አልተዋጠላትም። ሰሷን ከላይ እስከ ታች ስታስተውላት ዐይኗ ጡቷ ላይ ዐረፈ። ጡቷ አጋቷል፤ ወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። እመት አህዪት የወለደች ናት፤ እንዲህ ያለ ጡት ምን ያህል እንደሚያም ታውቃለች። ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

«ልጅ አለሽ?»

ሰሷ ዐይኗን ከእንግዶቹ ላይ ነቀለች። ቀና ብላ ሰማይ ሰማዩን አየች።

«የለኝም» አለች።

እመት አህዪት ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። በዕድሜዋ ጥያቄ አቋርጣ ስትተው የመጀመሪያዋ ነው። እናት ልጇን የለኝም የምትለው ስትሸሽገው ብቻ ነው፤ ያጋተ ጡት ደግሞ መዋሸት አያውቅም። ግልገሉ አለ። ከትናንት ጀምሮ አልጠባም። እናቱ ልታጠባው ብትሄድ በዚያ ሁሉ ዐይን ፊት መሸሸጊያውን ልታሳይ ነው፤ ባትሄድ በረሃብ ሊሞትባት ነው። ስለዚህ ቆማ ትጠብቃለች፤ እንግዳው የሚሄድበትን ሰዓት ትጠብቃለች።

«እኛ ነን» አለች እመት አህዪት በሆዷ። «ወዳን የምታየን መስሎን! እኛው ነን የያዝናት።» ትናንት «ትንሽ ብንጠጋስ» ያለችበትን አፏን ብትነክሰው ወደደች።

ይህን እያሰበች ሳለ ከኋላዋ ሹክሹክታ ሰማች። አህያን ከኋላዋ ማማት ከንቱ ድካም ነው፤ ጆሮዋ የተሠራው ለዚያ ነው።

«የለኝም አለች እኮ» ይላል አያ ጅቦ፣ ድምፁ አዝኖ። «የለኝም ካለች የለም ማለት ነው።»

«አንተ ጅል! ጡቷን አታይም? ለማን ያጋተው ይመስልሃል?» ይላል አቶ ቀበሮ።

«ለእኔ?» አለ አያ ጅቦ በተስፋ።

«ለግልገሏ ነው እንጂ! እዚሁ አካባቢ ሸሽጋዋለች። ስማኝ፣ ግልገል ሲርበው ድምፅ ማሰማቱ አይቀርም። አንተ ባትሰማው አህያዪቱ ትሰማዋለች። ጆሮዋን ብቻ ጠብቅ፤ ጆሮዋ ወደዞረበት ሂድ። እኔ ወዲያ ትንሽ ሥራ አለችኝ።»

አቶ ቀበሮ ሹልክ ብሎ ሄደ። አያ ጅቦም መጥቶ ከእመት አህዪት ጎን ቁጭ አለ። ሰሶቹን አንዴም ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ዐይኑን ከሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ላይ ተከለ።

እመት አህዪት ጨነቃት። ለአያ አንበሶ ልንገረው ብትል፣ ለአንበሳ የተነገረው ለጅብም ይሰማል፤ ግልገሉ መኖሩንም ያረጋግጥለታል። ዝም ብትል ግልገሉ ይራባል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል ኖሯል፤ ተረቱ ግን የተተረተው በባልየው ነው፤ ስለ ሚስቲቱ እስካሁን ማንም ምንም አላለም።

በዚህ መሐል ሰማችው። ቀጭን፣ ደካማ፣ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ ያለች ድምፅ ናት። የመጣችው ከላይ ከዐለቱ አይደለም፤ ከኋላዋ፣ እመት ጦጢት ከተቀመጠችበት ድንጋይ ሥር ካለው ስንጥቅ ውስጥ ነው። እንግዶቹ ሁሉ በእናቲቱና በግልገሉ መካከል ተጎልተዋል። እናቲቱ ሰማይ ሰማዩን ያየችው ወደዚያ ላለማየት ነበር!

የአህያ ጆሮ ደግሞ ባለቤቱን አያስፈቅድም፤ ድምፅ ሲሰማ በራሱ ይዞራል። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ወደ ኋላ ሊጠመዘዝ ንቅንቅ አለ። አያ ጅቦ ከመቀመጫው ብድግ አለ። እመት አህዪት ዐይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጆሮዋን እንደምንም ገታችው። በዚያች ቅጽበት ሌላ ድምፅ ፈለገች፤ ማንኛውንም ሌላ ድምፅ። ሩቅ፣ ከወዲያ አፋፍ፣ ከትልቁ ጅብራ ሥር የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። ሁለቱንም ጆሮዎቿን ወደዚያ ሰጠች።

«ምን ሰማሽ?» አለ አያ ጅቦ።

«እኔ? ምንም።»

«ዋሸሽ! ጆሮሽ እንደ ጅብራ ተገትሯል!»

«አያ ጅቦ፣ በእናትህ ወደዚያ እንዳትሄድ» አለች እመት አህዪት።

ጅብን አትሂድ ማለት ተጨማሪ እግር እንደመስጠት ነው። አያ ጅቦ ቁልቁለቱን ተወርውሮ፣ ዳገቱን ተስቦ፣ ከጅብራው ኋላ ተሰወረ። ብዙም ሳይቆይ አምባውን የሚያናውጥ ጩኸት ተሰማ።

«ኡኡ! ጅራቴን! ጅራቴን!»

«ያዝኩት! ያዝኩት!»

እንግዳ ደግሞ ጩኸት ሰምቶ ቁጭ አይልም። እመት ጦጢት ከድንጋዩ ዘለለች፣ ከርከሮ እየተንደረደረ ተከተላት፣ አያ አንበሶም «ምን ጉድ ነው?» ብሎ ተነሳ። ከዐለቱ ሥር እመት አህዪት ብቻዋን ቀረች።

አሁን ስንጥቁ ከጀርባዋ ነው። አንገቷን አንዴ ብታዞር በቃ። ከቆላ ድረስ ያመጣት፣ እንቅልፍ የነሳት፣ ሳላየው አልሞትም ያለችው ነገር እዚያ ተኝቷል። እንዴት ያለ ይሆን? ቀለሙ ምን ይመስላል? እግሩስ ይብረከረካል? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአፍታ ብታየው ማን ያውቅባታል? እመት አህዪት እውነቱን ለመናገር አንገቷ ግማሽ ድረስ ዞሮ ነበር።

ቀና ስትል ግን ከሰሷ ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠመች።

«አየሽው?» አለች ሰሷ።

እመት አህዪት አንገቷን መልሳ አቀናች።

«ምኑን?» አለች። «እኔ ምንም አላየሁም።»

ይህን ብላ ዞር ሳትል ቁልቁል ወረደች። ያን ያህል የከበዳት ጭነት በዕድሜዋ ተሸክማ አታውቅም።

ከጅብራው ሥር ስትደርስ ነገሩ ጦፏል። አቶ ቀበሮ ጭንቅላቱ በአያ አንበሶ የቋንጣ ስልቻ ውስጥ ሳለ ጅራቱ በአያ ጅቦ አፍ ውስጥ ገብቶ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። የሾላው ፍሬ አልቋል፤ ገብሱ ተበትኗል።

«እኔማ ጉንዳን እንዳይገባበት እያናፈስኩላችሁ ነበር» ይላል አቶ ቀበሮ፣ ቋንጣው ከአፉ ጥግ ተንጠልጥሎ።

«ቀበሮ ነህ እንዴ?» አለ አያ ጅቦ ጅራቱን ተፍቶ። «እኔኮ ግልገሉ መስለኸኝ ነው!»

«የምን ግልገል?» አለ አያ አንበሶ።

«የሰሷ ነዋ! አያ አንበሶ፣ ሕጉን አልተላለፍኩም፤ በደንብ አጥንቼዋለሁ። እንግዳ እንግዳን አይበላም ነው የሚለው። ሰሷ ባለቤት ናት፤ እንግዳ አይደለችም። ስለ ባለቤት የሚል አንድም ቃል የለበትም!» ብሎ ደረቱን ነፋ። የሚጨበጨብለት ሳይመስለው አልቀረም።

ማንም አላጨበጨበም። አያ አንበሶ ተቆጣ። የተቆጣው በጅቡ ብቻ አልነበረም። እንግዳን ከእንግዳ ሲጠብቅ፣ በቤታቸው የሚያስተናግዱትን ባለቤቶች ጭራሽ ረስቷቸው ኖሯል። አፈረ። አንበሳ ሲያፍር ደግሞ ድምፁ ይጎላል።

«ከዚህች ሰዓት ጀምሮ የአምባው ባለቤት ከእንግዳው በፊት በሕጉ ውስጥ ነው! ጅቦ፣ ስምህን ጠርቼ ሳልጨርስ ከዐይኔ ጥፋ!»

አያ ጅቦ እግሬ አውጪኝ አለ። አቶ ቀበሮም ማስጎብኘቱን ትቶ፣ የታኘከ ጅራቱን ቆልፎ፣ በጓሳው ውስጥ ሹልክ አለ።

እመት አህዪት ጅቡ ቁልቁል ወደ ቆላ እስኪሰወር ጠበቀችና ተናገረች።

«አያ አንበሶ፣ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ‹እንጠጋ› ያልኩት እኔ ነኝ። ሰሶቹ የማይበሉት ይሉኝታ ይዟቸው አይደለም፤ ፈርተውን ነው። ሲያፏጩም ‹ሂዱልን› ማለታቸው ነበር። እኛ አጨበጨብንላቸው።»

እመት ጦጢት እጆቿን ከብብቷ ሥር ሸሸገች።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ አያ አንበሶ። «ወደ ቆላ እንመለስ?»

«የለም። መጀመሪያ ከነበርንበት ከዚህ አፋፍ ላይ እንቀመጥ። ዝም እንበል። የሚሆነውን እንይ።»

«ከዚህማ ባቄላ አያክሉም!» አለች እመት ጦጢት፤ ሆኖም ተቀመጠች።

ተቀመጡ። ጓሳው ከነፋሱ ጋር ይተኛል ይነሳል። ጉሙ መጥቶ ሸፈናቸው፣ መልሶ ገለጣቸው። ከርከሮ አንቀላፋ። እመት ጦጢት ጓሳ ስትጎነጉን ቆይታ ሰለቻት። ማዶ ያሉት ሰሶች ግን እንደቆሙ ናቸው፤ እመት አህዪት አንድ ሰዓት አሥር ሰዓት ሆነባት። «ዘግይተን ይሆን?» እያለች ታስባለች። ግልገሉ ከእንግዲህ መጥባት የሚያቅተው ቢሆንስ?

በኋላ ባልየው አንገቱን ቀስ አድርጎ ደፋና ሣር ቀመሰ።

«በላ!» አለች እመት አህዪት በሹክሹክታ፤ አያ አንበሶም ወደ ፊት ሰገግ አለ። ባልየው ሲበላ ሚስቲቱ ቆማ ዙሪያውን ትቃኛለች። ሲበቃው ቀና አለና እሱ ቆሞ ይቃኝ ጀመር፤ እሷ ጎንበስ ብላ በላች። እንዲህ ነው ለካ! ተራ በተራ ነው የሚኖሩት፤ አንዱ ዐይን ሲሆን ሌላው አፍ ይሆናል። ከዐለቱ ሥር ተጎልተው ሽፋሽፍት ሲቆጥሩ የዋሉት እንግዶች ይህን ሁሉ አላዩም ነበር።

«ኧረ ዝም በሉ፣ እዩ እዩ!» አለች እመት ጦጢት፤ ሌላ የተናገረ ግን አልነበረም።

ሚስቲቱ ከዐለቱ ወረደች። በሰኮናዋ ጫፍ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ ቆም እያለች፣ ወደ ኋላ እያየች መጣችና ከአንድ ድንጋይ ኋላ ተሰወረች። ባልየው ከላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቆየች። በጣም ቆየች።

ሰሷ ከድንጋዩ ኋላ ስትወጣ አረማመዷ ተለውጧል። ተወጥሮ አላራምዳት ያለው ጡቷ ቀሏት፣ እግሮቿ ገጥመው ይራመዳሉ። ዘለለችና ከባሏ ጎን ቆመች። እመት አህዪት ይህን ስታይ ዐይኗ እንባ ሞላ።

«ጠብቷል!» አለች።

«ግልገሉን አየሽው እንዴ?» አለ አያ አንበሶ። «እኔ ምንም አላየሁም።»

«አላየሁትም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«እናቱን አይቼ» አለች እመት አህዪት።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው አምባ የዱርን ነዋሪ ደኅና አድርጎ ማየት የሚሻ እንግዳ፣ ዐይኑን ከማቅረቡ በፊት እግሩን ከነዋሪው መንገድ ላይ ማንሳት እንዳለበት ነው።